አገር ስጠኝ!
ንፋስ መውጫ ለእንግዳዋ የምታቀርባቸው ጥያቄዎች

እንቆቅልሽ ሳይጫወት ያደገ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው አንዱ «እንቆቅልሽ!» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ!» ብሎ ይቀበለዋል። ጥያቄው ይቀርባል። መልሱን ያወቀ እንደሆነ ተራው ለእርሱ ይሆናል፤ ያላወቀ እንደሆነ ግን ቅጣት አለበት። ቅጣቱም ገንዘብ ወይም ኩርኩም አይደለም፤ «አገር ስጠኝ!» ነው። ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሐረርን ወይም አዲስ አበባን ይሰጣል። ጠያቂው በተሰጠው አገር ገብቶ እንደ ልቡ እንደ በላ፣ እንደ ጠጣ፣ እንደ ተሾመና እንደ ተሸለመ ካወራ በኋላ የእንቆቅልሹን ፍች ይናገራል።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የተደበቀውን ቁም ነገር ልብ ብለውት ያውቃሉን? አባቶቻችን ላላወቀ ሰው የወሰኑት ቅጣት አገሩን ማጣት ነው። ያወቀ አገሩን ይዞ ይቀመጣል፤ ያላወቀ ለጠያቂው ያስረክባል። ይህ ለሕፃናት ጨዋታ ቢሆንም ለአዋቂ ሰው ምክር ነው።

ይህንንም ያነሣሁት የምደባ ደብዳቤ በኪሳቸው ይዘው ወደማያውቁት ከተማ ለሚጓዙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና ነገ ተራው ለሚደርሳቸው ተማሪዎች ስለ አንዲት ከተማ ልነግራቸው ስላሰብሁ ነው። ከተማዪቱ በደቡብ ጎንደር የላይ ጋይንት ወረዳ መቀመጫ፣ ቀድሞም የጋይንት አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው ንፋስ መውጫ ናት። በንፋስ መውጫ አዲስ ሠራተኛ ሻይ ቤት ገብቶ የተቀመጠ እንደሆነ፣ ሰላምታው ተሰጥቶ፣ የቤተሰብ ደኅንነት ተጠይቆ ሲያበቃ ፈተናው ይጀመራል። ፈታኞቹ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ካህናት፣ ነጋዴዎች፣ አንዳንድ ጊዜም ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው። በጥያቄያቸው ተንኮል የለበትም፤ ነገር ግን ከፈተናነቱ አያልፍም። ያለፈ ሰው «የእኛ ልጅ» ይባላል። የወደቀው ደግሞ የዝውውር ማመልከቻውን እየጻፈ እንግዳ እንደሆነ ዓመቱ ያልቃል።

እስቲ እርስዎም ከመድረስዎ በፊት ይፈተኑ። መልሱን ከየጥያቄው በታች እጽፍልዎታለሁ፤ ግን ከማንበብዎ በፊት ጥቂት ቢያስቡ ጨዋታው ይጣፍጣል።

መንገዱ

አስቀድሞ መንገዱን ይወቁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ይዘው ወረታ ሲደርሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። የፎገራን ሜዳ ከኋላዎ ትተው ደብረ ታቦርን ያልፋሉ። ከዚያም ጋሳይንና ክምር ድንጋይን እያለፉ፣ የጉናን ተራራ በቀኝዎ እያዩ፣ ከደብረ ታቦር 75 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ ንፋስ መውጫ ይገባሉ። መንገዱ በዚያ አያበቃም፤ በጨጨሆ አድርጎ ወደ ፍላቂት፣ ወደ ገረገራና ወደ ገሸና ይዘልቃል፤ ከገሸና አንዱ ወደ ላሊበላ ሲገነጠል ዋናው ወልድያ ይደርሳል። ከወረታ እስከ ወልድያ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ይህን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ ሰውም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቷልና፣ ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ አይርሱ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ስሟ ከምን መጣ?

ይህ ቀላል ይመስላል። ንፋስ የሚወጣባት ስለሆነች ንፋስ መውጫ ተባለች ብለው ይመልሳሉ። ፈታኙ ግን «ንፋሱስ ከወዴት ይወጣል?» ብሎ ይጨምርብዎታል።

ከተማዪቱ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ የተራራ ጀርባ ላይ የተቀመጠች ናት። በሁለቱም ወገን መሬቱ እየተቈረሰ ወደ ቆላ ይወርዳል። ቀን ቆላው በፀሐይ ሲሞቅ አየሩ ይቀልና ሸለቆ ለሸለቆ ሽቅብ ይወጣል፤ ሌሊት ደጋው ሲቀዘቅዝ የከበደው አየር ቁልቁል ይመለሳል። በተራራ ጀርባ ላይ የተሠራ ከተማ እንግዲህ የንፋስ በር መሆኑ ነው። ጋቢ ወይም ባና ሳይዙ የሚመጡ እንግዶች ይህን ትምህርት በመጀመሪያው ሌሊት ያገኙታል።

ሌላም የሚማሩት ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። በዚህ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ ውኃው ተንተከተከ ማለት ባቄላው በሰለ ማለት አይደለም። ከቆላ የመጣ ወንደላጤ ንፍሮ ሲቀቅል እሳቱን ይረግማል፤ ያገሩ እመቤቶች ግን ባቄላውን ማታ ዘፍዝፈው ስለሚያድሩ አይቸገሩም። እኔ ይህን በክፍል ውስጥ በፊዚክስ መጽሐፍ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ከእናቶቻቸው ጓዳ ቀድመው አውቀውት ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሁለት ጠብታዎች ተለያይተው ወዴት ይገናኛሉ?

ይህን ጥያቄ ለእንግዳ ባቀረብሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። አንድ የዝናብ ደመና በጋይንት ተራራ ጀርባ ላይ ቢያዘንብና ሁለት ጠብታዎች ጎን ለጎን ቢወድቁ፣ አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ ቢንከባለል፣ መቼም አይገናኙም ይላሉን?

ይገናኛሉ፤ ግን ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ ነው። ይህ የተራራ ጀርባ የተከዜና የዓባይ ውኃዎች የሚለያዩበት ወሰን ነው። ወደ ሰሜን የወረደው ጠብታ ተከዜ ይገባል፤ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተው፣ ቁመቱ 188 ሜትር በሆነው በተከዜ ግድብ ተከማችቶ መብራት ያበራል፤ ከዚያም ሰቲት ተብሎ ወደ ሱዳን ይሻገርና ከአትባራ ወንዝ ይቀላቀላል። ወደ ደቡብ የወረደው ጠብታ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ አድርጎ ያልፋል፤ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከካርቱም በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አትባራ በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ የአትባራ ወንዝ ዋናውን ናይል ይቀላቀላል። እዚያ ሁለቱ ጠብታዎች እንደገና ይተያያሉ።

ሦስተኛም ጠብታ አለ። ወደ ጉና ምዕራብ የወረደ እንደሆነ ከርብ ወይም ከጉማራ ጋር ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ከጣናም በዓባይ ይወጣል። ጉና ቁመቱ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ፋርጣ፣ እስቴና ጋይንት በአንድ ተራራ ተደግፈው የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ በዚህ መንገድ ከሁሉ የከበደ ምን አለፈ?

የጭነት መኪና ብለው ከመለሱ ወድቀዋል። መልሱ ሴባስቶፖል ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ይህ ታላቅ መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ያህል፣ በኩንታል ቢቈጠር ወደ 70 ኩንታል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን በመቶዎች በሚቈጠሩ ሰዎች እያስጎተቱ ጉዞ ጀመሩ። በጋይንት አልፈው፣ የጨጨሆን ገደል ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው፤ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው ማለት ነው። መድፉ የሚያልፍበት መንገድ አስቀድሞ ስላልነበረ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተደለደለ ይሠራ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ያዩአቸው ጽፈዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸው አለፈች። መድፉ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ተራራ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚያዩት አምሳያው ነው።

ቻይናውያን ከዘመናት በኋላ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ በዚሁ አቅጣጫ ሲቀዱ ዲናሚትና ማሽን ነበራቸው። እርስዎ በአውቶቡስ ተቀምጠው መንገዱ ጠመዝማዛ ነው ብለው ሊያማርሩ ሲያስቡ፣ ያለ ማሽን ያለፈውን ያስታውሱ።

አራተኛው ጥያቄ፦ የአውሮፕላን ድምፅ በጦር ሜዳ መጀመሪያ የተሰማው ወዴት ነው?

ብዙ ሰው ማይጨው ይላል። ከማይጨው ስድስት ዓመት በፊት ግን የቤጌምድርና የወሎ አዋሳኝ በሆነው በአንቺም ሜዳ ተሰምቶ ነበር።

የቤጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱም ባለቤት የነበሩ፣ በኋላ ግን ከእርሳቸው የተለዩ ሰው ናቸው። ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተጣልተው ጦራቸውን አንቀሳቀሱ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ የሚመሩት ጦር አንቺም ላይ ገጠማቸው። ከፈረንሳይ የተገዙ አውሮፕላኖች ከሰማይ ወረቀት በተኑ፤ ቦምብም ጣሉ። ራስ ጉግሣ በዚያ ቀን ከነፈረሳቸው ወደቁ። ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 24 ቀን ዐረፉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የኢትዮጵያ ታሪክ መታጠፊያውን አለፈ፤ መታጠፊያውም ሰው እንደ ዋዛ በመስኮት አይቶት የሚያልፈው ይህ አገር ነው።

አምስተኛው ጥያቄ፦ ከሩቅ አገር መጥቶ በጋይንት የሚፈተነው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ጠሊቅ ነው። ምክንያቱም እንግዳን መፈተን ለጋይንት የሻይ ቤት ወግ ብቻ አለመሆኑን ያሳያልና ነው።

በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ድጓ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራ የዓመቱ መዝሙር መጽሐፍ ነው፤ ዜማዎቹም ግዕዝ፣ ዕዝልና ዐራራይ ይባላሉ። አንድ ተማሪ በጎጃም ወይም በሸዋ ወይም በትግራይ ድጓን ለብዙ ዓመታት ተምሮ ሊቅ ቢባል እንኳ፣ የቤተልሔምን ዜማ እይዛለሁ ካለ እዚህ መጥቶ በመምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ያዜማል፤ ይታረማል፤ ሲያልፍም ይመሰከርለታል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ደግሞ ምስክር የሚገኘው እዚሁ ጋይንት በዙር አምባ ነው። በድጓ ሊቃውንት ዘንድ ስማቸው የገነነ የዜማ ስልቶች የቤተልሔም፣ የአጫብርና የቆማ መሆናቸውን፣ ቆማ ፋሲለደስም በጎረቤት እስቴ መሆኑን ሲያስቡ፣ ይህ የተራራ ጥግ በኢትዮጵያ ዜማ ውስጥ ምን ያህል ክብር እንዳለው ይረዳሉ።

እንግዲህ ያስተውሉ። ዩኒቨርሲቲ በአገራችን ከመከፈቱ ከብዙ ዘመናት በፊት፣ ኮሮጆውን ያነገተ የቆሎ ተማሪ ዳገቱን ወጥቶ፣ ዘመድ በሌለበት አገር ጎጆ ቀልሶ፣ በዕውቀቱ ብቻ ተመዝኖ ይቀበሉት ነበር። «የማን ልጅ ነህ?» መባሉ አይቀርም፤ ምስክር የሚሰጠው ግን ለዘሩ አይደለም፤ ለዜማው ነው።

በቤተልሔም ነገር አንድ ተጨማሪ ወሬ ልንገርዎት። ቤተ ክርስቲያኗ ከውጭ ሲታይ እንደ ብዙዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ የሣር ክዳን ነበረች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ቶማስ ፓክናም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ተራራ ለተራራ ሲዞር እዚህ ደረሰ። ወደ ውስጥ ሲገባ በክቡ ግድግዳ ተከልሎ ሌላ ጥንታዊ፣ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አገኘ፤ በኋላም በመጽሐፍ ጽፎ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀው። ለጋይንት ካህናት ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በየዕለቱ የሚቀድሱበት ቤት ነው። እንግሊዛዊው የተለየበት ነገር ቢኖር ከውጭ አይቶ አለማለፉና መጠየቁ ነው። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው ተረታችን ለእንግዳ የተነገረ ይመስለኛል።

ስድስተኛው ጥያቄ፦ ላይና ታች ስለ ምን ተባለ?

ከዚህ ላይ ጥያቄው ከጨዋታ ወደ ሥራ ይሻገራል፤ በተለይ በቢሮ የሚሠሩ አንባቢዎቼ ጆሯቸውን ቢሰጡኝ እወዳለሁ።

ላይ ጋይንት መቀመጫው ንፋስ መውጫ ነው። ታች ጋይንት መቀመጫው ዐርብ ገበያ ነው። የሲማዳ መቀመጫ ወገዳ፣ የእስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ነው። ይህን በቃል የሸመደደ ሰው ግማሽ ማርክ ያገኛል። ሙሉ ማርክ የሚያገኘው «ላይ» እና «ታች» የሚሉት ቃላት የመሬቱን ከፍታ ብቻ ሳይሆን የኑሮውን ልዩነት እንደሚያመለክቱ የገባው ነው። በደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ይበቅላል። ወደ በሽሎ ሸለቆ እየወረዱ ሲሄዱ ጤፍና ማሽላ ይመጣል። በደጋው ውርጭ የሚፈራበት ወር ሌላ ነው፤ በቆላው ዝናብ የሚናፈቅበት ወር ሌላ ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ደጋም ቆላም አለ።

ድንችን እንደ ቀልድ አይቍጠሩ። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሰሜን አገራችን ይኖር በነበረው በጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ በሺምፐር አማካይነት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858 እንደ ሆነ ይጻፋል። ስለዚህ ለጋይንት ደጋ እንግዳ ተክል ነው፤ ግን ፈተናውን ያለፈ እንግዳ ነው። የፊተኛው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ባለው አስጨናቂ ጊዜ ሦስትና አራት ወር ውስጥ የሚደርሰው ድንች የብዙ ቤት መሻገሪያ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ሲማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ይህም ማለት አንድ ወጣት ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው የስም ዝርዝር፣ የሰው ምሳና እራት ያለበት ወረቀት ነው ማለት ነው።

ጥያቄው ስለ ምን ከባድ እንደ ሆነ አሁን ይታይዎታል። ቆላና ደጋውን ያልለየ ባለሙያ ለቆላ ቀበሌ የደጋ ዘር ይልካል። የትኛው መንደር በክረምት ወንዝ እንደሚዘጋው ያልጠየቀ የሒሳብ ሹም የክፍያ ቀን ውኃው በሞላበት ሳምንት ይቀጥራል፤ እናቲቱም ልጅ አዝላ ወንዝ ዳር ቆማ ትመለሳለች። እንዲህ ያለውን ሰው ማንም «አገር ስጠኝ» አይለውም። ግን ሳያውቅ የሰጠው የሰው አገር ነው።

ሰባተኛው ጥያቄ፦ የእርስዎስ አገር?

እስካሁን ያሉትን ሁሉ አጥንተው ቢመጡ፣ ፈታኙ በመጨረሻ ፊቱን ወደ እርስዎ ያዞራል። ብዙ እንግዳ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ጋይንት አንብቦ ይመጣና ስለ ራሱ አገር ሲጠየቅ ይንተባተባል። አንድ ቀን በሻይ ቤት አንድ አዛውንት የዜማ መምህር ከአንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ጋር እንዲህ ሲጫወቱ ሰምቻለሁ።

«ልጄ፤ አገርህ ወዴት ነው?»

«ሸዋ ነኝ የኔታ።»

«ሸዋማ ሰፊ ነው። የሸዋ ምኑ?»

«ደብረ ብርሃን ነኝ።»

«ደብረ ብርሃንን ማን ሰየማት?»

«ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ከሰማይ ብርሃን ቢያዩ እንዲህ ብለው ሰየሟት ይባላል።»

«ጎሽ! በከተማዪቱ አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ማን ይባላል?»

«በሬሳ ነዋ የኔታ። ስዋኝበት ነው ያደግሁት።»

«ታዲያ በሬሳ ወዴት ይገባል?»

ልጁ ጽዋውን አስቀምጦ ወደ ጣራው ተመለከተ። ዝም አለ። የኔታ ጥቂት ከጠበቁት በኋላ ሣቅ ብለው፦

«ጀማ ይገባል። ጀማም ዓባይ ይገባል። የእኛም በሽሎ ዓባይ ይገባል። እንግዲህ አንተ የወንዜ ልጅ ነህ፤ ሳታውቀው እንግዳ ነኝ ብለህ ተቀመጥህ። በል አገር ስጠኝ!» አሉት።

«ደብረ ብርሃንን ሰጥቼዎታለሁ የኔታ።»

«ደብረ ብርሃንማ ለእናትህ ትሁን፤ ለእኔ የሻዩን ሒሳብ ክፈልልኝ» ብለው ቤቱን በሣቅ ሞሉት።

አንባቢ ሆይ፤ ያገር ሰው ያገሩን ሰው ሲያገኝ «የወንዜ ልጅ» ይለዋል። ብዙዎቻችን ይህን ቃል አንድ መንደር ለሚጠጣው ምንጭ ብቻ እናስበዋለን። ካርታ ዘርግቶ ወንዙን በጣት ለተከተለ ሰው ግን የወንዝ ልጅነት ከመንደር ይሰፋል። ደብረ ብርሃን የተወለደውና ሲማዳ የተወለደው ውኃቸው አንድ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የማያውቁት አገር አይዛመድም እላለሁ።

ወጣቶችን ወደማያውቁት አገር መላክ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በየትምህርት ቤቱ «ሀገርህን እወቅ» የሚባሉ ክበባት የተቋቋሙትም በዚሁ አሳብ ነው። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ ለማስተማር ሄደው ተምረው ተመለሱ። አገርን ማወቅ ግን ለተመልካች ብቻ የተሰጠ ሥራ አይደለም፤ የሚታየውም አገር እንግዳውን መልሶ ያየዋል፤ ይጠይቀዋልም።

የማይጠየቀው ጥያቄ

አንድ ነገር ልጨምር። በንፋስ መውጫ እንግዳ የማይጠይቀው ጥያቄ አለ።

በጦርነቱ ጊዜ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተማዪቱ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በእነዚያ ቀናት በተዋጊዎች መደፈራቸውን የተናገሩ 16 ሴቶችን ቃል መዝግቧል። የጤና ተቋማት ተዘርፈው ስለ ነበር ተጎጂዎቹ ሕክምና ለማግኘት ተቸግረዋል። ይህ ታሪክ ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ነገር ግን የሻይ ቤት ጥያቄ አይደለም። «በዚያ ጊዜ የት ነበራችሁ? ምን ደረሰባችሁ?» ብሎ የሚጀምር እንግዳ ብዙ ዕውቀት ቢኖረው እንኳ በፈተናው ይወድቃል።

ሲነገርዎ ያድምጡ፤ ሳይነገርዎ አይቈፍሩ። በጤና፣ በፍርድ ቤት፣ በሴቶች ጉዳይ ቢሮ የተመደቡ እንደሆነ ደግሞ፣ ባለጉዳይዋ ዝም ስትል ዝምታዋ ምን ሊሆን እንደሚችል ማወቅ የሥራዎ ክፍል ነው። ለዚህ ማርክ የሚሰጥ የለም፤ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው ግን ይኸው ነው።

ለመንገደኛ የሚሆን ስንቅ

እንግዲህ ወደ ንፋስ መውጫ ወይም ወደ ሌላ ሩቅ ከተማ የምደባ ደብዳቤ የደረሰዎ እንደሆነ፣ ከሻንጣዎ ጋር ይህን ይያዙ። የሚሄዱበት ከተማ ስሙ ከምን እንደ መጣ ይጠይቁ። ውኃው ወዴት እንደሚፈስ ይወቁ። ደጋና ቆላው የት ላይ እንደሚለያይ በእግርዎ ሄደው ይዩ። በአካባቢው ሊቅ የሚባለው ሰው የሚታወቅበት ትምህርት ምን እንደ ሆነ ያጣሩ። በመንገዱ ማን እንዳለፈ፣ በሜዳው ማን እንደ ወደቀ ያንብቡ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የራስዎን አገር ይወቁ፤ ከሌላው ጋር የሚያዛምድዎ ክር ከዚያ ይጀምራልና።

መልሱን ሁሉ ማወቅ ግዴታ አይደለም። የጋይንት ፈታኞች የሚወዱት አዋቂውን ብቻ አይደለም፤ «አላውቅም፤ ይንገሩኝ» የሚለውን ከዚያ አስበልጠው ይወዱታል። እንዲህ ያለው እንግዳ ሻዩን ከፍሎ አገር ተቀብሎ ይወጣል። የማይወዱት ሳይጠይቅ የሚወስነውን ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ተራው የእርስዎ ነው። እንቆቅልሽ! ተወልደው ባደጉበት ቤት አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ወዴት ይገባል?

ያላወቁት እንደሆነ አገር ይስጡኝ።